ከእናታችን ጋራ በጣና ወደቦች

ሰው የሩቅ አገር ወሬ ሲሰማ ልቡ ፈጥኖ ይነሣል፤ በደጁ ያለውን ግን ሲወጣ ሲገባ ስለሚያየው መርምሮ እንዳወቀው ይቈጥረዋል። እኛ በደብረ ታቦር ተወልደን ያደግን፥ ፊደልና ዳዊት በቤተ ክርስቲያን፥ የዓለምን ካርታ ደግሞ በሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማርን ስንሆን፥ ዕድሜያችን ሠላሳውን ካለፈ በኋላ እንኳ ጣናን ከሩቅ ከማየት በቀር አንድ ቀን በላዩ ተጕዘን አናውቅም ነበር። የሚሲዮኑ መምህራችን ካርታውን በግድግዳ ላይ ዘርግተው ልብ የምትመስለውን ሰማያዊ ነጥብ በበትር ሲያሳዩን፥ ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል፥ ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል፥ ደሴቶቹም 37 ናቸው ብለን በቃላችን አጥንተን ነበር። በቃል ያጠኑት ውሃ ግን እግር አያርስም።

ወደ ጕዞው ያነሣሣን በ2004 ዓ.ም. መጨረሻ ከአንድ ወዳጃችን ዘንድ ያየነው ባለ ሥዕል መጽሔት ነው። በመጽሔቱ ውስጥ ፎቅ በፎቅ ላይ የተደራረበበት፥ ከተማ የሚያህል ነጭ መርከብ በሜክሲኮ አገር በኮዙሜል ደሴት ወደብ ቆሞ ይታያል። ሜክሲኮ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ ስም አይደለም፤ ፋሺስት ኢጣሊያ አገራችንን በወረረ ጊዜ ወረራውን አንቀበልም ካሉት ጥቂት መንግሥታት አንዱ የሜክሲኮ መንግሥት ነበርና፥ በአዲስ አበባ ሜክሲኮ አደባባይ የሚባለው ስለዚሁ ውለታ ነው። በእነርሱም ዋና ከተማ ከመሬት በታች ከሚሄደው ባቡር ጣቢያዎች አንዱ በኢትዮጵያ ስም ይጠራል። እንደ መጽሔቱ አነጋገር ተጓዦቹ ጧት ከመርከቡ ወርደው ገበያውን ይዞራሉ፥ ባርኔጣና የሸክላ ዕቃ ይገዛሉ፥ ማታ ጥሩምባው ሲነፋ ይመለሳሉ፤ በማግስቱ ሌላ ወደብ ይቈያቸዋል። በምዕራቡ ውቅያኖስ በኩል ያሉት ማዛትላንና ፑየርቶ ቫያርታም እንዲሁ በየተራ ይጐበኛሉ። ይህን ባነበብን ጊዜ «እኛስ ባሕር የለንምን? ወደብስ የለንምን?» ብለን ከወዳጃችን ጋራ ተሣሣቅን፤ ሣቁ ግን ሲያድር ወደ ቁም ነገር ተለወጠ።

በዚያን ጊዜ ሰውና ዕቃ የሚያመላልስ አንድ መርከብ በየሳምንቱ እሑድ ከጧቱ በአንድ ሰዓት ከባሕር ዳር ተነሥቶ፥ ዘጌን፥ ደቅን፥ ቁንዝላንና ደልጊን እየነካ ሰኞ ጎርጎራ ይደርስ ነበር፤ ሐሙስ ደግሞ ከዚያ ተነሥቶ በዚያው መንገድ ይመለሳል። ሌሊቱን ቁንዝላ ያድራል። እንደ ሜክሲኮው መርከብ መዋኛና ሙዚቃ የለውም፤ ቡና በጆንያ፥ ቢራ በሣጥን፥ ዶሮ በቅርጫት ይጫንበታል፤ ሰውም በተረፈው ቦታ ይቀመጣል።

ዐሳባችንን ለቤተ ሰቡ ባስታወቅን ጊዜ ከሁሉ በፊት ደስ ያላቸው እናታችን ናቸው። እናታችን የደልጊ ተወላጅ ናቸው። አባታችን ጥጥና በርበሬ ይነግዱ ስለ ነበር ወደ ደልጊ ገበያ ሲመላለሱ አይተዋቸው፥ ሽማግሌ ልከው አገቧቸው፤ ሙሽራዪቱም ባሕሩን ሳይሻገሩ በበቅሎ በደምቢያ በኩል ሰሜኑን ዳር ዞረው ወደ ደብረ ታቦር መጡ። ከዚያ ወዲህ ወደ ትውልድ አገራቸው የተመለሱት አንድ ጊዜ ብቻ፥ እኛን አዝለው ለእናታቸው ተዝካር በሄዱ ጊዜ ነው። አንዲት ታናሽ እኅት ነበረቻቸው። የመርከቡን ነገር እንደ ሰሙ «ደልጊ ይቆማል?» ብለው ጠየቁ። «ይቆማል» አልናቸው። «እንግዲያው እኅቴን አያታለሁ» አሉ፤ በዚያው ሰዓት ተነሥተው በሶ ማዘጋጀት ጀመሩ።

ክቡራን አንባቢዎች፥ ከዚህ ላይ ያደረግነውን ሳንሸሽግ እንናገራለን። አክስታችን በ2004 ዓ.ም. በኅዳር ወር ዐርፈው ነበር። ወሬውን አንድ ነጋዴ አምጥቶ በመሥሪያ ቤታችን በር ላይ ነገረን። በዚያ ሳምንት እናታችን በሳንባ በሽታ ታመው ተኝተው ነበርና፥ ሐኪሙ የሚያስደነግጥ ነገር እንዳይሰሙ ብሎ ስላዘዘን መርዶውን አቈየነው። እንዲህ ማድረግ በአገራችን የተለመደ ነው፤ ለታመመ ሰው፥ ለነፍሰ ጡርና ለመንገደኛ መርዶ አይረዳም። እናታችን ግን በጥር ወር ድነው ተነሡ። ያን ጊዜ «ጥቂት ይበርቱ» አልን፤ ቀጥሎ «ፋሲካ ይለፍ» አልን፤ ቀጥሎ ክረምቱ ገባ። ቀጠሮ የበዛበት ባለ ጕዳይ እንዴት እንደሚማረር ዕለት ዕለት በመዝገብ ላይ እየጻፍን የምናውቅ እኛ፥ በገዛ እናታችን ጕዳይ ቀጠሮ እየለወጥን ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀን ቀረው። በስልክ እኅታቸውን ሊያነጋግሩ በፈለጉ ቍጥር «የደልጊ ስልክ አይሠራም» እያልን እንመልሳቸው ነበር። ውሸት አንድ ጊዜ ሲናገሩት ይከብዳል፤ በሦስተኛው ጊዜ የቤት ዕቃ ይሆናል።

ባለቤታችን የነገሩን ሁሉ ዐዋቂ ስለ ነበረች «ከመነሣታችን በፊት ንገራቸው» አለችን። እኛም በመንገድ ላይ፥ በመርከቡ ላይ፥ ልባቸው ደስ ባለው ሰዓት እንነግራቸዋለን ብለን መለስን። በእርግጥም ዐሳባችን ይህ ነበር። ደልጊ የመጨረሻው ወደብ ሊሆን ጥቂት የቀረው ስለ ሆነ፥ ከፊቱ ሦስት ወደብ አለ፤ በአንዱ ላይ ይመቸናል አልን።

በ2005 ዓ.ም. በጥቅምት ወር በአንዲት ቅዳሜ እናታችን፥ ባለቤታችን፥ የዘጠኝ ዓመት ሴት ልጃችንና እኛ ከደብረ ታቦር ተነሣን። ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ ስላላት ወደ ወረታ ሲወርዱ ጋቢውን ማውለቅ ግድ ይሆናል። የፎገራ ሜዳ በዚያ ወር እንደ ምንጣፍ ነው፤ ሩዙ ዘለላውን ደፍቶ፥ የታወቁት የፎገራ ከብቶች ውሃው በሸሸበት ሣር ላይ ተሰማርተው ይታያሉ። ርብና ጉማራ የሚባሉት ሁለቱ ወንዞች ከእኛው ከጉና ተራራ ወርደው በዚህ ሜዳ ዐልፈው ወደ ጣና ይገባሉ፤ ክረምት ሲበረታም ከአፋቸው እየወጡ የገበሬውን ቤት ያጥለቀልቃሉ። ልጃችን ይህን ከሰማች በኋላ «እንግዲያው የቤታችን ውሃ ቀድሞን ደርሷል» አለች። እናታችን እጅግ ደስ ብሏቸው ሣቁ። በዚያን ጊዜ ልንነግራቸው አፋችንን ከፈትን፤ ዳሩ ግን መኪናው በሰው የተሞላ ነበር።

ባሕር ዳር አድረን እሑድ በማለዳ ወደ ወደቡ ወረድን። እናታችን «እሑድ ቀን ሳያስቀድሱ መንገድ መጀመር ምን የሚሉት ነው?» ብለው አጕረመረሙ፤ ሆኖም መርከቡ ላይ የተሳፈሩ አንድ ቄስ መስቀል አሳልመዋቸው ልባቸው ዐረፈ። መርከቡ ወደ ባሕሩ ሲገባ ወይጦዎች የሚሠሯቸው የደንገል ታንኳዎች እንደ ቅጠል በፊቱ ይበታተናሉ። ታንኳ በየጊዜው ወጥቶ በፀሐይ ካልደረቀ ውሃ ጠጥቶ ይሰጥማል፤ ዕድሜውም ዐጭር ነው፤ ይሁን እንጂ ከብዙ ዘመን ጀምሮ ጣናን ያሻገረው እርሱ ነው።

በስተቀኝ በሩቅ በደራ በኩል የምትታየውን ዳርቻ ለልጃችን እያሳየን ስለ ቆራጣ ነገርናት። ቆራጣ ዛሬ ትንሽ ብትሆን በጥንት ዘመን በነጋዴዎች የታወቀች የወደብ ከተማ ነበረች። በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1866 የእንግሊዝ መልእክተኛ ሆርሙዝድ ራሳም ከጓደኞቹ ጋራ በዚያ ሲቀመጥ፥ ዐፄ ቴዎድሮስ በማዶ በዘጌ ሰፍረው ነበር፤ መልእክተኛውም ወዲያና ወዲህ በታንኳ ይመላለስ ነበር። አብሮት የነበረው ሐኪም ብላንክ እንደ ጻፈው፥ ንጉሡ ትልልቅ የደንገል ታንኳ አሠርተው፥ እንደ እንፋሎት መርከብ በጐንና በጐኑ መንኰራኵር አስገጥመው በእጅ እየተዘወረ እንዲሄድ ሞክረዋል። በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት መድፍ ያስቀለጡ ንጉሥ ባሕሩንም በመኪና ለመግዛት መመኘታቸው አያስደንቅም። እንዲህ እያልን ታሪክ ስንተርክ ባለቤታችን በዐይኗ ተመለከተችን። ሌላ ታሪክ መናገር ይገባህ ነበር ማለቷ እንደ ሆነ ገባን።

ዘጌ ደረስን። የዘጌ ሰው በበሬ አያርስም፤ አቡነ በትረ ማርያም የሚባሉ ጻድቅ ቡና፥ ጌሾና ሎሚ እንዲበቅል ባርከው ሰጡን፥ ማረስ አያስፈልገንም ይላሉ። እንደ ተባለውም ጫካው በሙሉ ቡና ነው። መርከቡ ጥቂት ስለ ቆመ ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ለመውጣት ጊዜ አልነበረንም፤ ሥዕሎቿን ሳናይ በወደቡ ላይ ቆመን ቀረን። በወረቀታችን ላይ «ዘጌ፤ ቡና፥ ሎሚ፥ ጌሾ» ብለን ጻፍን። እናታችን ግን ከአንዲት ሎሚ ሻጭ ጋራ ተቀምጠው የዋጋውን፥ የልጆቿን ቍጥርና የክረምቱን ዝናም ጠይቀው ጨርሰው ነበር። እኛ አንድ መሥመር በጻፍንበት ጊዜ እርሳቸው አንድ ቤተ ሰብ ዐወቁ። ለእኅታቸው ብለውም ዐሥር ሎሚ ገዝተው በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩ። ያንን ቋጠሮ ባየን ጊዜ ወደ ሌላኛው የመርከብ ጐን ሄደን ሻላዎችን መቍጠር ጀመርን።

በደቅ ደሴት ሁለተኛው አጋጣሚ ዐለፈ። የደቅ ገበሬ ሣጥንና እህል ሲያወጣና ሲያገባ መርከቡ ቆይቷል፤ በምዕራብ በኩል እቴጌ ምንትዋብ ያሠሯት ናርጋ ሥላሴ አለች፤ በአቅራቢያው የነገሥታት ዐፅም ያረፈበት የዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም ይታያል። ወደ ዳጋ ሴት አትገባም። እናታችን ከሩቅ እጅ ነሥተው «ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በዚያ ነው ያረፉት?» አሉ፤ ቄሱም «አዎን፥ ዐፄ ፋሲልም» አሏቸው። «መቃብሩ በታወቀ ሰው ላይ ማልቀስ እንኳ ይቀላል» ብለው ተናገሩ። ለምን እንዲህ እንዳሉ አላወቅንም፤ ነገሩ ግን በሆዳችን ገባ። ልንናገር ተነሣን። በዚያው ቅጽበት የቀትር ነፋስ ተነሥቶ ባሕሩን አናወጠው። ጣና ጧት እንደ መስተዋት ነው፤ ከቀትር በኋላ ግን ማዕበሉ ይበረታል። እናታችን ራሳቸው ዞሮ ጋደም አሉ፤ እኛም በታመመ ሰው ላይ መርዶ አይረዳም የሚለውን የቀድሞ ምክንያታችንን እንደ ገና አገኘነው።

ቁንዝላ ስንደርስ መሽቶ ነበር። በወደቡ አጠገብ ባለ አንድ አልጋ ቤት ሁለት ክፍል ያዝን። እናታችን ራት ሳይበሉ ሎሚውን ትራሳቸው አጠገብ አድርገው ተኙ። ባለቤታችን በዚያን ጊዜ ወደ ውጭ ጠርታን በዝግታ እንዲህ አለችን፤ «ነገ ደልጊ ስንወርድ የእኅታቸው ልጆች እያለቀሱ ቢቀበሏቸው፥ መርዶውን በወደብ ላይ በቁማቸው ሊሰሙ ነው? አንተ ካልተናገርህ እኔ ሰው እሰበስባለሁ።» እኛም ራሳችንን ዝቅ አድርገን ዝም አልን። ዝም ማለታችንን እሺታ አድርጋ ወሰደችው።

ባለቤታችን በዚያች ሌሊት ያደረገችውን ዛሬም ስናስታውሰው ይደንቀናል። በማናውቀው ከተማ፥ ዘመድ በሌለበት፥ ቀባሪ ሰበሰበች። ከመርከቡ ቄሱን፥ አንድ የዘጌ ቡና ነጋዴና ወደ ደልጊ የሚሄዱ ሁለት ሴቶች አስነሣች፤ የአልጋ ቤቱ ባለቤትም ምክንያቱን እንደ ሰማች ጎረቤቶቿን ጠርታ መጣች። ሊነጋ ሲል ከዐሥር የማያንሱ ሰዎች ነጠላቸውን አጣፍተው በእናታችን ደጃፍ ተቀመጡ። ከእነዚህ ሰዎች አንዱ እንኳ ሟቿን አያውቅም፤ ነገር ግን በማለዳ መርዶ የሚረዳው ሰው ብቻውን እንዳይሆን ብለው መጡ። በመጽሔቱ ላይ ያየናቸው የነጩ መርከብ ተጓዦች እንዲህ ያለ ነገር ቢገጥማቸው ማን ይደርስላቸው ይሆን ብለን በኋላ ዐሰብን።

እናታችን በሩን ከፈቱ። በአገራችን ሰው በማለዳ ደጁ ላይ ሰው ተሰብስቦ ካየ የሚነግረው አያሻውም። ፊት ለፊት እያንዳንዱን ተመለከቱ፤ በመጨረሻ እኛን ተመለከቱ። «ማን ናት?» አሉ። «ማን ነው» አላሉም። ቄሱ ቀርበው እጃቸውን ይዘው ነገሯቸው። የሴቶቹ ልቅሶ ተነሣ፤ ያ የቡና ነጋዴ እንኳ የራሱን እናት ስም እየጠራ አለቀሰ። እናታችን ጥቂት ካለቀሱ በኋላ ድንገት ዝም ብለው «መቼ?» ብለው ጠየቁ። ቄሱ ይህን አልተነገሩም ነበርና ወደ እኛ ዞሩ። እኛም ከመዝገብ ላይ እንደሚያነብ ሰው «በኅዳር ወር» አልን።

«ኅዳርማ ገና አልገባም» አሉ።

ከዚያ በኋላ በቤቱ ውስጥ ድምፅ አልነበረም። ለፍርድ ቤት ብዙ ቃል ጽፈናል፤ ብዙ ሰው ሲረታ አይተናል፤ በአንዲት ዐጭር ቃል እንዲህ የተረታ ግን አላየንም። እናታችን በጣታቸው ወሮቹን ቈጠሩ፤ ገናን፥ ጥምቀትን፥ ፋሲካን በየስሙ ጠሩ። በየበዓሉ የለበሱትን ጥልፍ ቀሚስ፥ በእንግጫ የተጐዘጐዘውን የቤታችንን ደጅ፥ የዘፈኑበትን የጎረቤት ሠርግ አንድ በአንድ አነሡ። «አርባዋ፥ መንፈቋ ሲወጣ እኔ ቅቤ ተቀብቼ ነበር» አሉ። ይህን ለእኛ አልተናገሩም፤ ለአልጋ ቤቱ ባለቤት ነው የተናገሩት። ከዚያም ሰዓት ጀምሮ ከእኛ ጋራ አልተነጋገሩም።

ጧት መርከቡ ከቁንዝላ ተነሣ። እናታችን በሁለቱ ሴቶች መካከል ተቀመጡ፤ ልጃችን በጕልበታቸው ላይ ራሷን አሳርፋለች። ባሕሩ ጸጥ ያለ ነበር፤ በዳርቻው ጉማሬ ብቅ አለ ብለው ሰዎች ተሯሯጡ፤ እኛም ሄደን አየን፤ ምን እንዳየን ግን አናስታውስም።

ደልጊ ስንደርስ የእኅታቸው ልጆች በወደቡ ላይ ቆመው ነበር። እናታቸውን የሚመስሉትን ሴት ባዩ ጊዜ ያነሡትን ልቅሶ መተረክ አይቻለንም። መርከቡ ዕቃ እስኪያራግፍ አንድ ሰዓት ይቆማል ተባለ። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ወጣን፤ መቃብሩ ላይ ሣር በቅሎበት ነበር። እናታችን ከአጠገቡ ተቀምጠው፥ የገዙትን ሎሚ ከነጠላቸው ፈትተው፥ አንድ በአንድ ለእኅታቸው ልጆች አደሉ። የደልጊን ከተማ በወረቀታችን ላይ ልንገልጽ ዐስበን ነበር፤ ስለ ገበያው ልንጠይቅ ነበር፤ እናታችን የተወለዱበትን ቤት ልናይ ነበር። አንዱንም ሳናደርግ ጥሩምባው ተነፋ።

ከዚህ ላይ ሌላ ጥፋት አጠፋን። እጅግ ቸኵለን ወደ እናታችን ቀርበን «እማዬ፥ ይነሡ፥ መርከቡ ሊሄድብን ነው» አልን። ይህንን ቃል በተናገርንበት ቅጽበት ከአፋችን መልሰን ልንውጠው ወደድን። እናታችን ቀና ብለው ካለፈው ማለዳ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በዐይናቸው ተመለከቱን፤ መልሱን ግን የሰጡት ለልጃችን ነው። «ለአባትሽ ንገሪው፤ መርከቡ የእርሱ ነው፥ ይሂድበት» አሉ። ልጃችንም «እኔ ከአያቴ ጋራ እቀራለሁ» አለች። ጥሩምባው ሁለተኛ ጊዜ ተነፋ። የመርከብ ሰዓት ለባለ ሥልጣንም፥ ለባለ ኀዘንም አይጠብቅም። ዕቃችን በመርከቡ ላይ ስለ ነበር፥ የጎርጎራም ማደሪያ አስቀድሞ ስለ ተከፈለበት ወረድን ብንል እውነት ነው፤ ሙሉው እውነት ግን በዚያ መቃብር አጠገብ ለመቀመጥ ፊት አጥተን ነበር።

ስለ ጎርጎራ ብዙ አንናገርም። የደብረ ሲና ማርያምን ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ከነሥዕሎቿ አይተናል፤ ከኮረብታው ላይ ጣሊያኖች በወረራቸው ዘመን ያቆሙት ሐውልት አለ፤ የዐፄ ሱስንዮስ ቤተ መንግሥት ፍርስራሽም ከከተማው ወጣ ብሎ ይገኛል። በሰሜን ምሥራቅ ዳር እምቦጭ የሚባለው አረም በዚያ ዘመን ገና መታየት የጀመረበት ጊዜ ስለ ነበር፥ ዓሣ አጥማጆቹ አበባው ያማረ ነው እያሉ ያሳዩን ነበር፤ ከዓመታት በኋላ መረባቸውንና ታንኳቸውን ማገቱን ስንሰማ ያ ሐምራዊ አበባ ትዝ አለን። ሦስት ቀን ከባለቤታችን ጋራ በባሕሩ ዳር ተመላለስን። እርሷም አንድ ጊዜ እንኳ «ብዬህ ነበር» አላለችንም። ብትለን ይሻለን ነበር።

ሐሙስ መርከቡ ወደ ደልጊ ሲቃረብ እናታችን በወደቡ ላይ ይኖሩ ይሆን፥ አይኖሩ ይሆን እያልን በሰገነቱ ላይ ቆመን ነበር። ቢቀሩ መብታቸው ነው፤ ከእኛ ይልቅ የሚንከባከቧቸው የእኅት ልጆች አሉ። ከሩቅ አንዲት ጥቍር ልብስ የለበሱ ሴት አየን፤ አጠገባቸው ትንሽ ልጅ ቆማለች። የእኅታቸው ልጆች አንድ ጆንያ ሽምብራ ተሸክመው አስገቡላቸው፤ ከእኅታቸው እርሻ የተገኘ ነው። እናታችን መርከቡ ላይ ወጥተው ከእኛ ራቅ ብለው ተቀመጡ። ልጃችን ግን ሮጣ መጥታ የአያቷን የትውልድ ቤት፥ የዋርካውን ጥላ፥ እናታችን በልጅነታቸው ውሃ ይቀዱበት የነበረውን ዳር፥ ተስካር በሌለበት ጊዜ ሳይቀር ሰው ሁሉ እህል ውሃ ይዞ እንደ መጣ ትነግረን ጀመር። ደልጊን ያየናት በእርሷ አፍ ነው።

ቁንዝላ እንደ ገና አደርን። የአልጋ ቤቱ ባለቤት እናታችንን ባየች ጊዜ እንደ እኅት ተቀበለቻቸው፤ ቡና አፈላች፤ ማታውን ሁለቱ ብቻቸውን ሲጫወቱ አመሹ። ጧት የአልጋውን ልንከፍል ስንል የእናታችንን ክፍል ሒሳብ አልቀበልም አለች።

ዓርብ ረፋድ ላይ ዘጌ ስንደርስ ያች ሎሚ ሻጭ በዚያው ቦታ ተቀምጣ ነበር። የእናታችንን ጥቍር ልብስ አይታ ተነሣች፤ ሁለቱ ጕንጭ ለጕንጭ ተሳሳሙ፤ ምን እንደ ተባባሉ ከመርከቡ ላይ ሆነን አልሰማንም። እኛም ወርደን ከእናታችን ጥቂት ራቅ ብለን፥ ምን እንደምናደርግ ሳናውቅ፥ ከቅርጫቱ አንድ ሎሚ አንሥተን ዋጋውን ጠየቅን። እናታችን ሳይዞሩ ቆዩ። ቀጥሎ፥ «ስንት አለችህ?» አሉን።

የተጠየቅነውን ነገርናቸው።

«ጨምራብሃለች፤ ለእኔ እሑድ በረከሰ ነው የሰጠችኝ» አሉ። ሻጯም ሣቀች። እኛም ሳንከራከር ዐሥር ሎሚ ገዝተን፥ በነጠላቸው ጫፍ እንዲቋጥሩት ሰጠናቸው።